በካራቫን ደጅ የተነገረ መርዶ

ባለቤቴ አውስትራሊያን ረግጦ አያውቅም። ስለ አውስትራሊያ ገጠር ግን እዚያ ተወልዶ እንዳደገ ሰው ያወራል። ሁሉንም ያወቀው ከስልኩ ነው። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይዘረጋና፣ ሁለት ጡረተኛ ባልና ሚስት ነጭ ካራቫን፣ ጎማ የተገጠመለት ቤት፣ በመኪና እየጎተቱ ከአንዷ የገጠር ከተማ ወደ ሌላዋ ሲዞሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ይከፍታል። ሰውዬው ጎማ ይፈትሻል፣ ሴትዮዋ ሻይ ታፈላለች፣ ከዚያ ቀይ አፈር ላይ ወንበር ዘርግተው ፀሐይ ስትጠልቅ ያያሉ። ሌላ የሚሆን ነገር የለም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «እነዚህ ሰዎች ዘመድ የላቸውም እንዴ? ሠርግ የለ፣ ልቅሶ የለ፣ ክርስትና የለ፣ ዝም ብሎ መዞር ብቻ» አልኩት። «እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ሥራው ዴንቨር ኤርፖርት መንገደኛ ማመላለስ ነው። «ሰው ሁሉ ለሽርሽር ሲሄድ ሻንጣውን የምጭነው እኔ ነኝ» ይላል ሲመረው። እኔ አውሮራ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜና እሑድ ያረፍኩበትን ሳምንት መቁጠር አያቅተኝም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ልጃችን ትምህርት ስትዘጋ፣ ለሁለታችንም አንድ ላይ ሳምንት ፈቃድ ሲገኝ፣ አውስትራሊያ ባይሆን እንኳ ኮሎራዶን በካራቫን እንዙር ሲለኝ እምቢ የምልበት አንጀት አጣሁ። ካራቫኑን ቶርንተን ካለ አንድ ሰው ተከራየ። የሚጎትተውን ፒክአፕ ከጓደኛው ተዋሰ። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ትሬይለር ነው የሚለው፤ እሱ ግን እንደነዚያ ሽማግሌዎች ካራቫን እንጂ ሌላ ስም አልጠራም አለ።

ከመሄዳችን ሁለት ቀን በፊት ደብረ ብርሃን ላሉት እናቱ በቪዲዮ ደውሎ ካራቫኑን ከዳር እስከ ዳር አስጎበኛቸው። አልጋውን አሳየ፣ ማብሰያውን አሳየ። «ቤቱን ከነምድጃው ልትጎትቱት ነው?» አሉ አማቴ። «ከነሽንት ቤቱ ነው እንጂ እማዬ» አላቸው። «ሽንት ቤቱንም?» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከፋሲካ ወዲህ ሳል ይዟቸው ነበር፤ እሳቸው ብርድ ነው ስላሉ እኛም ብርድ ነው ብለን ተቀመጥን።

ስለ አማቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ልጃችን ስትወለድ ወደ አውሮራ መጥተው ስምንት ወር ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል፤ ያኔ ኢስት ኮልፋክስ አጠገብ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ነበር የምንኖረው። እኔ የራሴ እናት ቪዛ ተከልክላ ከፍቶኝ ነበርና፣ እሳቸው ገና በሩን ሲገቡ ጠረናቸው ብቻ አስለቀሰኝ። አጠቡኝ፣ አበሉኝ፣ ማታ ማታ ሕፃኗን ወስደው አስተኙኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳይችሉ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶብስ ላይ ብቻቸውን ወጥተው ሽንኩርት ገዝተው ይመለሱ ጀመር። ከልጃቸው ጋር ስጣላ ለእኔ ይፈርዱ ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይህን አይረሳውም፤ «ሁለት ለአንድ ነበር የምትደበድቡኝ» ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ሁለት ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ አንድ ከረጢት ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ጭኛለሁ። «አምስት ቀን ነው እኮ የምንቆየው» አለ። በሁለተኛው ቀን ማን እንደሚርበው አውቃለሁ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃችን ኋላ ወንበር ላይ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና ተኛች። ባለቤቴ በተራራው መንገድ ላይ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ከኋላችን የተሰለፈውን መኪና ሁሉ በመስታወት እያየ፣ «ይለፉና፣ ማን ያዛቸው» እያለ ነዳ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ካምፕ ሳላይዳ ከተማ አጠገብ ነበር። ካራቫን ወደ ፊት መጎተት ማንም ይችላል፤ ጉዱ ወደ ኋላ ማስገባቱ ላይ ነው። ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግክ ወደ ቀኝ ትጠመዝዛለህ፣ ከዚያ ደግሞ ትመልሳለህ። ይህን በቪዲዮ መቶ ጊዜ አይቷል። ፒክአፑ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ካራቫኑ በራሱ ሐሳብ ይሄድ ጀመር። ሦስት የማናውቃቸው ፈረንጆች ቢራቸውን አስቀምጠው መጡና አንዱ ና ሲል ሌላው ቁም እያለ ሃያ ደቂቃ አመሱት። ልጃችን በኀፍረት ከሩቅ ቆማ የማታውቀን መሰለች። በመጨረሻ ገባ። ላቡን እየጠረገ ወርዶ፣ «ፕራክቲስ ነው» አለኝ።

እሑድ ጠዋት ወደ ደቡብ፣ ባለቤቴ ሊያሳየን ወዳቀደው የአሸዋ ተራራ ስንሄድ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። እሱ ነዳጅ ይቀዳል፣ ልጃችን በረዶ ልትገዛ ገብታለች፣ እኔ መኪና ውስጥ ነኝ። ስልኬ ጠራ። የአክስቱ ልጅ ናት። አውሮራ ነው የምትኖረው፤ ነርስ ናት፣ የቤተሰቡን ነገር ሁሉ በእጇ የያዘች፣ ደግና ቆፍጣና ሴት።

«አጠገብሽ ነው?» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትል።

«ጋስ እየቀዳ ነው። ምነው?»

«ራቅ በይ እስቲ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ሰዎች «ራቅ በይ» ስንባባል ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጎማ የሚነፋበት ማሽን ወዳለበት ወደ ጓሮ ሄድኩ። «እማማ አረፉ» አለችኝ። «በነሱ ዛሬ ከሰዓት። ቀብሩም ነገ ስድስት ሰዓት ነው በነሱ።» እጄን ማሽኑ ላይ አሳረፍኩ፤ ፀሐይ መትቶት ይፋጃል፤ አላነሳሁትም።

«ስሚኝ» አለችኝ። «ምንም እንዳትይው። ያን ነገር እየጎተተ ገደል ላይ ነው ያለው። ስልኩን ያዢበት፤ ፌስቡክ ላይ አሁን ነው የሚለጥፉት። በዘዴ አምጪው። ቤት ስትገቡ ጠዋት ሰው ሰብስበን መጥተን እንነግረዋለን።»

«እሺ» አልኳት። አላሰብኩበትም። የሚታሰብ ነገር መሆኑም አልታየኝም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ሁሉም ሰው ሦስት ቀን ቀድሞኝ አውቆ ነበር። ባለቤቴም። ፈረቃዬን ጨርሼ፣ በልቼ፣ ተኝቼ፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳና ሳሎኔ በሰው ተሞላ። የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ የነገሩኝ። ስወድቅ የያዘኝን እጅ ቁጥር አላውቀውም፤ መሬት ግን አልነካሁም። ይህንን ነው እኔ መርዶ የምለው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን እንዳይሰማው፣ ዙሪያውን ሰው ይዞት እንዲሰማው። ስለዚህ ለባለቤቴም ያንኑ እየጠበቅኩለት መሰለኝ እንጂ እየዋሸሁት አልመሰለኝም።

ስመለስ ለሦስታችንም አይስክሬም ገዝቶ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ማነው?» አለ። «ከሥራ ነው። ሺፍት ሸፍኚ ይሉኛል።» «እዚህም ድረስ?» ብሎ ሳቀ። አይስክሬሙን በላሁት። እስከ መጨረሻው በላሁት፤ ብተወው ምን ሆነሽ ማለቱ አይቀርም። የነዳጁን መልስ ሊቀበል ሲገባ በመኪናው በር ኪስ ውስጥ ያለውን ስልኩን አንሥቼ፣ ጥሪም መልእክትም እንዳይገባው ኤርፕሌን ሞድ አደረግኩት።

ቀጥሎ የመጣልኝ ዘዴ ሆድ ሕመም ነበር። አምስት ማይል ያህል እንደሄድን ሆዴን ያዝኩና፣ «አሞኛል፣ ብንመለስ ይሻላል» አልኩት። እሱ ግን ሲያመኝ እንደ እናቱ ነው፤ ይንሰፈሰፋል። አላሞሳ የምትባል ከተማ ስንደርስ ፋርማሲ ገብቶ ሁለት ዓይነት መድኃኒትና ዝንጅብል ገዛ። ካምፑ እንደደረስን ካራቫኑን በሦስተኛ ሙከራው አስገብቶ፣ ዝንጅብሉን ራሱ አፍልቶ፣ አስተኝቶኝ ብርድ ልብስ ደረበልኝ። «ዓመቱን ሙሉ ሽማግሌ ስታነሺ ስትጥይ ነው የከረምሽው» አለኝ። «ሰውነት እረፍት ሲያገኝ ነው የሚናገረው። ነገ ከነገ ወዲያም እዚሁ ነን። እንዲያውም አንድ ቀን እንጨምራለን።» ላስመልሰው ብዬ አንድ ቀን አስጨመርኩ።

የቀብሩ ሰዓት በእኛ ሌሊት ነው። እሱ እጁን ሆዴ ላይ፣ አሞኛል ብዬ የዋሸሁበት ሆድ ላይ አሳርፎ ተኝቷል። እኔ ሰዓቱን አውቀዋለሁ፤ አሁን ከቤት ወጡ፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን ደረሱ እያልኩ ጣሪያውን አየሁ። አላለቀስኩም። ካራቫን ውስጥ ሰው ሳይሰማ ማልቀሻ ቦታ የለም።

ሰኞ ጠዋት ወደ አሸዋው ሄድን። ከተራራው ግርጌ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውኃ ሰፍቶ ይፈሳል፤ ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን ይዘው ጃንጥላ ተክለው የባሕር ዳርቻ አድርገውታል። ባለቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረ፣ የተከራየውን የአሸዋ መንሸራተቻ ሳንቃ ተሸክሞ ወጣ፣ ተቀምጦበት ወረደ። ግማሽ ላይ ሳንቃው ጥሎት ሄደና እሱ እየተንከባለለ ተከተለው። ጆሮው፣ አፉ፣ ፀጉሩ አሸዋ ሆኖ ተነሣና ሳቀ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። ልጃችን ሙዚቃዋን ከጆሮዋ አውልቃ አብራው ትወጣለች፣ አብራው ትወርዳለች። ሳልወድ በግዴ እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ፣ አሸዋ እንዳይገባበት ብዬ የያዝኩበትን ስልኩን ጠየቀኝ። «ለእማዬ ልደውልላት። በረሃ ገብተው ጠፉ ብላ ትደንግጥ እስቲ።»

«ኔትወርክ የለም» አልኩት፣ ስልኩን ሳልሰጠው።

«ሰማይ ጥግ ወጥተን ኔትወርክ የለም?» ከዚያ ትንሽ አስቦ፣ «በይ ቅረጪኝ፣ ማታ እልክላታለሁ» አለ።

ቀረጽኩት። «እማዬ፣ ይሄ የምታዪው ሁሉ አሸዋ ነው» ብሎ ጀመረ። ተራራውን አሳያት፣ ውኃውን አሳያት፣ ልጅሽ አርጅቶ ሕፃን ሆኗል አላት፣ ሳሉ ካልተሻለሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ እምቢ አትበይ፣ ከአሁን በኋላ በየቀኑ ነው የምደውለው አላት። ሁለት ደቂቃ ያህል አወራት። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። እስኪጨርስ ሳላቋርጥ ቀረጽኩት፤ እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ በካምፑ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አሸዋ የጠጣ ፎጣ ሳጥብ ልጃችን ከቦርሳዬ ያወጣችውን የአባቷን ስልክ ይዛ ገባች። ፎቶዎቹን ወደ ራሷ ልትልክ ከፍታው፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ መሆኑን አይታ አጠፋችው፤ ያን ጊዜ «ነፍስ ይማር» የሚለው ሁሉ ተከታትሎ ገባ። አማርኛ ማንበብ ባትችልም የአያቷን ፎቶ ሻማ ተደርጎበት አይታዋለች።

«ማሚ» አለች፣ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ። «ዩ ኒው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እያወቅሽ ነው ያን ቪዲዮ ያነሳሽው? ማሚ፣ ሂዝ ማም ዳይድ።»

ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። መርዶ እንዴት እንደሚነገር፣ እኔ የአባቴን እንዴት እንደሰማሁ፣ አሁን ብነግረው ማን እንደሚይዘው ነገርኳት። «እዚህ እኮ ሰው የለም» አልኳት።

«እኔ ሰው አይደለሁም?» አለችኝ በአማርኛ። «አንቺስ?»

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አማርኛ ተናገሪ ስላት ኖሬ፣ በዚያች ቀን ባትናገር ይሻለኝ ነበር። ልክ ናት ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ግን ደግሞ ፈራሁ። እውነቱ ይሄ ነው። እሱ ሲወድቅ እኔና እሷ ብቻችንን ማንሣት አንችልም ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያም በላይ «መቼ ሰማሽ» የሚለኝን ፈራሁ። እስከ ነገ ጠዋት ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት። ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ያን ከሰዓት ሙሉ ካራቫኑ ደጅ አባቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። እሱ በራሷ ላይ አሻግሮ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ አየሽ፣ ካራቫኑ ልጃችንን መለሰልን ማለቱ ነው።

ከማጠቢያው ክፍል ጀርባ ሆኜ ለአክስቱ ልጅ ደወልኩ። «ከሐሙስ በፊት አልመለስም ይላል፤ እኔም ከዚህ በላይ አልችልም» አልኳት።

«እንግዲያው እኛ እንመጣለን» አለችኝ።

«የአራት ሰዓት መንገድ ነው እኮ።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች። «የካምፑን አድራሻ ቴክስት አድርጊልኝ።»

ማታ ቪዲዮውን ሊልክ ስልኩን ሲጠይቀኝ ባትሪው አልቋል፣ ጠዋት ትልካለህ አልኩት። ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ብርዱ አጥንት ይገባል። አምስት መኪና መብራታቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጠጠሩ ላይ ቀስ እያሉ ገቡ። አሥራ ስምንት ሰው። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ኮት ለብሰዋል። የአክስቱ ልጅ በፔርሙዝ ሻይና ዳቦ ይዛለች፤ አንዱ ከመኪናው ጀርባ የእድሩን ታጣፊ ወንበሮች ያወርዳል። ከመካከላቸው በዚያው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ሥራ የሚገባ ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራሁ ላመሰግናቸው ፈለግኩ፤ ይልቅ ወንበር ማውረዱን አገዝኳቸው።

የካምፑ ጠባቂ፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ጃኬት ደርባ ባትሪ ይዛ መጣች። ልጃችን ቀድማ ሄዳ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ሴትዮዋ ኮቶቹን አየች፣ ነጠላዎቹን አየች፣ የተዘጋውን የካራቫን በር አየች። እሱ ገና አልሰማም ወይ ብላ ጠየቀች። አልሰማም አልናት። ባትሪዋን አጠፋችና እጇን አጣምራ ከሴቶቹ አጠገብ ቆመች። አንዱ ወንበር ሲሰጣት ተቀመጠች።

አሁን ችግሩ ማን ገብቶ ይንገረው ነው። ይህ ነገር የሚደረገው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ካራቫን ውስጥ ከሦስት ሰው በላይ አይቆምም። የእድራችን ሰብሳቢ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ «እኔና ሁለት ሴቶች እንግባ» አሉ በሹክሹክታ። መሰላሉ ላይ እግራቸውን ሳያነሡ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ባለቤቴ በቁምጣ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሊታጠብ መውጣቱ ነው። አሥራ ስምንት ሰው ጠጠር ላይ ቆሞ አየ። ለአንድ አፍታ ፈገግ አለ፤ ሽርሽሩ ላይ ሊቀላቀሉን የመጡ መስሎት። ከዚያ ነጠላዎቹን አየ።

«ልጄ» አሉ ሰብሳቢው። «እግዜር ያጽናህ።»

«እማዬ ናት?» አለ።

መሰላሉ ላይ ሊቀመጥ ሲል ሳተው፤ ወንዶቹ ደረሱለት። ሴቶቹ እሪታውን ጀመሩት፣ ወዲያው ደግሞ በየድንኳኑ የተኛውን ሰው አስበው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ታፍኖ የሚለቀስ ልቅሶ አናውቅበትም፤ ከእሪታው የባሰ ይሰቀጥጣል። የካምፑ ጠባቂ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ፀሐይ ስትወጣ ሻይ ተቀዳ። አንድ ጉንጭ ጠጣና፣ «መቼ ነው?» አለ።

«እሑድ» አሉት።

«ቀብሩስ?»

«ትላንት።»

«ትላንት አሸዋው ላይ ነበርን» አለ ለራሱ። ከዚያ ቀና ብሎ ፈለገኝ፤ ከሴቶቹ ኋላ ነበርኩ። «አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«እሑድ። ነዳጅ ስትቀዳ።»

«ሆዴን አሞኛል ያልሽው…»

«አላመመኝም።»

ብዙ አየኝ። «እኛ ነን አትንገሪው ያልናት» አሉ ሰብሳቢው። «አውቃለሁ ጋሼ» አላቸው፣ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ። አውሮራ እስክንገባ ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረም።

መንገድ ላይ እንዲነዳ አልፈቀዱለትም። ጭነት መኪና የሚነዳ አንድ የእድሩ አባል ካራቫኑን ጎተተ፤ አንድ ጊዜም ሳይሳሳት። ባለቤቴና ልጃችን ከሰብሳቢው ጋር ሄዱ። እኔ ፒክአፑ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ፣ ከፊት ያለውን መኪና የኋላ መስታወት እያየሁ ተጓዝኩ። የሁለቱ ራስ ተደጋግፎ ይታየኝ ነበር።

ቤታችን ሐዘን ቤት ሆነ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። እኔ ወንበር አቀርባለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ፣ ውኃ አቀብላለሁ፣ ጫማ አስተካክላለሁ። እሱ ሳሎን ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ከወንዶቹ ጋር ያድራል። የሚያናግረኝ «ውኃ አምጪላቸው» ወይም «እነማን ናቸው የመጡት» ሲለኝ ብቻ ነው። ሰው ፊት አይንቀኝም፤ ግን ዓይኑ ሲያልፈኝ ይሰማኛል። ሃያ ዓመት የሠራነው ነገር በሁለት ቀን ዝምታዬ ፈረሰ ብዬ አመንኩ። ማድቤት ውስጥ ሳህን ሳጥብ የምከራከርበትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፦ ተራራው፣ ካራቫኑ፣ ወጉ፣ የአባቴ ጊዜ እሱም የደበቀኝ።

ዓርብ ከሰዓት ሰው ሄዶ አለቀ። ልጃችን ክፍሏ ገብታ ተኛች። እሱ ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እኔ የወረቀት ሳህን ከየጥጉ እሰበስባለሁ።

«ቁጭ በይ» አለኝ።

ሳህኖቹን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ቀብሩን በስልክ አስተላልፈውት ነበር አሉ» አለ። «ሁሉም አይቶታል። አውሮራ ያለው ሁሉ ተነሥቶ አይቶታል። እኔ ተኝቼ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ተኝተሽ ነበር?»

«አልተኛሁም።»

«ቀስቅሰሽኝ ቢሆን ኖሮ መቃብር ስትገባ አያት ነበር።»

ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ ጠፋብኝ። «አዎ» አልኩ። «ቀስቅሼህ ቢሆን ታያት ነበር።»

ውጭ የጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮኻል። «አልተዋጠልኝም» አለ በመጨረሻ። «ይዋጥልኝ እንደሆነም አላውቅም። አልዋሽሽም።»

«እሺ።»

ልነሣ ስል፣ «አንቺንስ ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«የአክስትህ ልጅ። በስልክ።»

«አጠገብሽ ማን ነበር?»

«ማንም።»

«ቁጭ እንኳ አላልሽም?»

«ቆሜ ነበር።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። የማያውቀውን ነገር ገና አሁን እንዳየ ሰው ነው ያየኝ። ከፍራሹ በዝግታ ተነሥቶ መጣ፤ ሐዘንተኛ ቤት የሚገባ ሰው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ፣ ሳህኖቹን ከእጄ ተቀብሎ መሬት አስቀመጠና ሁለት እጄን ያዘ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለኝ፣ እናቱ የሞተችበት እሱ ለእኔ።

ያን ጊዜ እሪ አልኩ። ልጃችን ደንግጣ ከክፍሏ ሮጣ ወጣች፤ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ መጥታ በሌላ በኩል ያዘችኝ። ጎረቤት ይስማ፣ ማንም ይስማ፣ ስማቸውን እየጠራሁ አለቀስኩ። አማቴ ከሞቱ ስድስተኛ ቀናቸው ነበር፤ እኔ ግን መሞታቸውን የሰማሁት ያኔ ነው።